ውሃ እንዳይገባባት ብዬ

— ሄሎ... አቤት... አዎ፣ የጌጫው የአየር መለኪያ ጣቢያ ነው። ማናልሞሽ ነኝ፣ የገሠሠ ባለቤት... ሻሚል ነህ? ከሚዛን ከተማ፣ ከቢሮው? ድምፅህ ተለወጠብኝ እኮ! ቆይ፣ ወደ ግቢው ልውጣ፣ እዚህ ይቆራረጣል።

— አሁንስ ትሰማኛለህ?... ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።... አዎ፣ ብቻዬን ነኝ። ልጄ ሔዋን አግብታ ቴፒ ከገባች ወዲህ ማን አለኝ?... ልክ ነህ፣ ገሠሠ ካረፈ በጥቅምት ዓመት ሞላው። መዝገቡን በእሱ ቦታ እኔ እሞላለሁ፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም።

— የአየር ግፊቱ ቁጥር? ምን ሆነ?... ቀን ፀሐይ ሲሆን ይሰቀላል፣ ሲመሽ ይወርዳል... እንዴ፣ እኔ የመለኪያዋ ሳጥን ላይ ያየሁትን ቁጥር ነው የምጽፈው፣ ሻሚል! ከራሴ አላመጣሁም።... አይ፣ አልተቆጣሁም።

— ሳጥኗን? ማን ይነካታል... ሂጂ ከዚያ! ሂጂ!... አንተን አይደለም፣ በጓን ነው።... እሺ፣ ልንገርህ። ነክቻታለሁ። ሐምሌ ላይ ያ ዝናብ ሌት ተቀን ሲወርድ ከሥሯ ቀዳዳ አየሁ። ጉንዳን ይወጣል ይገባል። ውሃ ገብቶ ዕቃው ቢቃጠል ምን እላለሁ ብዬ በሲሊኮን ማጣበቂያ ደፈንኩት። ክዳኗንም ዙሪያውን ቀባሁት። አሁን ጠብታ አታስገባም።

— ሄሎ?... ለአየሩ? ቀዳዳዋ ለአየሩ ነበረች?... ታዲያ የውጭው አየር ካልደረሳት የምትለካው... ውስጥ የታፈነውን ነዋ! ፀሐይ ሲያሞቀው የሚያብጠውን። ወይ ጉዴ! አራት ወር ሙሉ የሳጥኗን ሆድ ነው ስመዘግብላችሁ የከረምኩት።

— ሐሙስ? በመኪና?... ነቅላችሁ ልትወስዷት?... ኑ እንጂ! ማር አለኝ፣ ምሳም እዚሁ ትበላላችሁ።... አሁን ልክፈታት? እኔ?... ቢላዋ አለኝ። አትዝጋው እሺ።

— ... ተላጠ።... አዎ፣ ቀዳዳዋ ወደ መሬት ነው የምታየው፣ ዝናቡ አያገኛትም።... ለጉንዳኑማ የአጎበር ቁራጭ አስርላታለሁ፣ አየር ያሳልፋል።... ስንት ትላለች?

— ...

— አለሁ።... አለሁ ሻሚል፣ እያየሁ ነው።... ሰባት መቶ ዘጠና ሁለት። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ያለው የገሠሠ መለኪያም በመስኮት ይታየኛል፣ እሱም ያንኑ ይላል። ገጠሙ።... ለምን ዘገየሁ? እውነቱን ልንገርህ? ስምንት መቶ ምናምን ልልህ ነበር። ከተበላሸች ትመጣላችሁ፣ ከዳነች አትመጡም። ከለቅሶው ወዲህ እዚህ ደጅ መኪና ቆሞ አያውቅም።... ኧረ ምንም አላደረግክም፣ ምን ይቅርታ ያስፈልጋል?

— ሐሙስ ታዲያ ማጂ ነው የምትሄዱት?... ሂዱ፣ የእነሱ መለኪያ ጨርሶ ከቆመ ይብሳል።... ከሐምሌ ወዲህ ያለውን ልሰርዘው? ሁሉንም?... እሺ። በጎኑ «ሳጥኑን የደፈንኩት እኔ ነኝ» ብዬ እፈርምበታለሁ። ገሠሠ ቢሆንም እንደዚያ ያደርግ ነበር።

— በየጠዋቱ ልትደውል? ለማመሳከር... ሦስት ሰዓት ላይ። ለስንት ቀን?... ለሳምንት። እሺ። ሳምንትም ብዙ ነው።... እኔማ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልኩን በእጄ ይዤ ነው የምጠብቅህ።... ሄሎ?... ሻሚል?... ሄሎ?