በቃል የተያዘ ልኬት

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈው፣ ወደ አሮጌ ዕቃ ገዢው ሱቅ ሲያዘግሙ፣ ከአውቶቡስ የወረደች የእህታቸው ልጅ ፊት ለፊት ገጠመቻቸው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የምታጠና፣ ጠይቃ የማትጠግብ ልጅ ናት። «ምነው በሌላ መንገድ በሄድኩ!» አሉ በሆዳቸው።

«ጋሼ፣ ምን ታቅፈው ነው?»

«መኪናዬን ልሸጣት ነው።»

«ምነው በደህና?»

«አእምሮዬ ከዳኝ፣ የኔ ልጅ። አለቀልኝ።»

ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ አረፍ ብለው ጉዱን አወጓት። ቀጭኑ መምህርና ወፍራሙ ፋርማሲስት በአንድ ጠዋት ተለክተው ነበር። እሳቸው ልኬት አይጽፉም፤ አርባ ዓመት ሙሉ በቃል ይዘው ሰፍተዋል፤ ኩራታቸውም ይኸው ነበር። የመምህሩ ሱሪ በፋርማሲስቱ ወገብ ተሰፋ። መምህሩም በሠርጉ ቀን ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀለበት የሚያጠልቅበት ሦስተኛ እጅ አጣ።

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። «የእናቴ የሠርግ ቀሚስ ወገቡ ስንት ነበር?»

«ስልሳ አራት። እጅጌው ሃምሳ ስድስት። አራት ጊዜ አስፈትታኝ፣ ምኑ ይረሳል!»

«ሠላሳ ዓመት ሆነው እኮ! ይሄ ነው የከዳዎት አእምሮ? እስቲ ይያዙልኝ፦ ዘጠና ስምንት፣ አርባ ሦስት፣ መቶ አራት፣ ስልሳ አንድ፣ ሰባ ሰባት፣ ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ለመሆኑ ጉልበትዎን ተሻለዎት?»

«ብርድ ሲሆን ነው እንጂ ደህና ነው። ሐኪሙ ቅባት ሰጥቶኝ...»

«ቁጥሮቹስ?»

«ዘጠና ስምንት... አርባ...» ፊታቸው ጠቆረ። «አላልኩሽም!»

«አሁን ደግሞ እኔን ይሞክሩኝ።»

ሽማግሌው አልራሩላትም። ሰባት ቁጥር ደረደሩና «ባል የምታገቢው መቼ ነው?» አሏት። ልጅቷ ተንተባተበች፤ ከሰባቱ የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው።

«በሃያ አራት ዓመትሽ ጃጀሽ!» አሉ፤ ከሳምንት ወዲህ ገና መሳቃቸው ነበር።

«አልጃጀሁም፤ እርስዎም አልጃጁም። ሊቃውንቱ ትውስታን ሁለት አድርገው ነው የሚያዩት። የአጭር ጊዜው እንደ መቁረጫ ጠረጴዛዎ ጠባብ ነው። ጥቂት ነገር ይይዛል፤ ደጋግመው ካላነሱት በግማሽ ደቂቃ ገደማ ብን ይላል፤ አዲስ ነገር ሲመጣም የፊተኛውን ገፍቶ ይጥለዋል። የረጅም ጊዜው ግን መጋዘን ነው፤ ስፋቱን ለክቶ የጨረሰ ሰው የለም። የተደጋገመ፣ ትርጉም ያለው፣ ልብ የነካ ነገር እዚያ ይገባል። የእናቴ ቀሚስ መጋዘን ገብቷል። የመምህሩ ወገብ ግን ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ...»

«ስልክ ተደወለ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ፋርማሲስቱም ቸኩያለሁ አለ። ታዲያ ድሮስ እንዴት ያዝኩት?»

«ድሮ ለክተው ምን ያደርጉ ነበር?»

«አንድ ሰው ለክቼ፣ እያጉተመተምኩ ወዲያው እቆርጣለሁ። ስልክ የሚሉት ጣጣ የት ነበረና!»

«ማጉተምተሙ ነዋ የያዘልዎት! ሊቃውንት በጥናት የደረሱበትን እርስዎ በመቀስ ደርሰውበታል። ዘመኑ ግን ጫጫታ ሆነ፤ አሁን ይጻፉት።»

«ወረቀት የሰነፍ ምርኩዝ ነው! አባቴ ሳይጽፍ ሰፍቶ አለፈ።»

«ጨርቁን በግምት ነው የሚቆርጡት?»

«እብድ ነኝ እንዴ? በጠመኔ አሰምሬ ነው።»

«ጠመኔው ስንፍና ነው?»

ሽማግሌው በገዛ መሣሪያቸው ተረቱ። መኪናቸውን አቅፈው ብድግ አሉ። «በይ በአንድ በኩል ያዢልኝ፤ ወደ ቤቷ እንመልሳት። አንገቴን ሰብሬ እሱን መምህርም እንደገና ልለካው።»

ለኩትም፤ እያንዳንዱን ቁጥር ሜትሩን ከሰውነቱ ላይ ሳያነሱ ጻፉት። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ጨርቅ የለም፤ ደንበኛ እየለኩ ከሌላው ጋር ይጫወታሉ፤ አእምሯቸው ቁጥር ከመሸከም ስላረፈ ዓይናቸውም የዘመመ ትከሻና የጎበጠ ጀርባ የሚለይ ሆኗል። ጎረቤት ልብስ ሰፊዎች መጥተው ምስጢሩን ሲጠይቋቸው «ቁጥሩን ለደብተር ስጡት፤ ጥበቡን ለራሳችሁ አስቀሩ» ይላሉ።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» ሲሏቸው «ከራሴ ያፈለቅኩት ነው» ይላሉ።

የእህታቸው ልጅ ከማዶ ስትገላምጣቸው፣ ሽማግሌው ያለ አንዳች ፍርሃት ይስቃሉ፦ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ መርሳት ያለ ነው!»