የጥቁሩ ድንጋይ ልክ

ሄሎ? — ሰውዳ? … አቤት እህቴ፣ አባትሽ እንዴት አደሩ?

— እህል ውሃ ተዉ? … ነርሷ ምን አለች? … ዛሬን አይሻገሩም አለች? … ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ።

— ሌይላ! ቲቪውን ኦፍ አድርጊው። ጋሼ አብዱልሙኒም ናቸው … ኖ፣ ኖ፣ አላለፉም። ገና ናቸው።

— አለሁ፣ ሰውዳ። አሁን ብነሳ እኔ ካለሁበት ከፍሩትቬል እናንተ ያላችሁበት ካምቤል ድረስ፣ በዚህ ትራፊክ አልደርስባቸውም እኮ። … ምን? ስለ ኮረብታው ጠየቁ? ያ ድሮ አገር ቤት ወርቅ የፈለግንበት? … አዎ፣ ሪፖርቱ ትናንት በኢሜይል ገባልኝ። አዲስ ካምፓኒ ሄዶ በድሪል ወግቶታል።

— "ትልቅ ወርቅ ተገኘ በላቸው"? … ደስ ብሏቸው ይሂዱ ብለሽ? … አይ፣ ሰውዳ! እሱንስ አልላቸውም!

— አልጨከንኩም፣ ስሚኝ። ያኔ ኮረብታውን ሲያጠኑ ረዳታቸው ነበርኩ። አገሬው ማዕድን ይከፈታል፣ መንገድ ይገባል፣ ክሊኒክ ይሠራል ብሎ ሲጠብቅ፣ አባትሽ "ትንሽ ነው፣ ለቁፋሮ አይበቃም" ብለው ጻፉ። ካምፓኒው ጥሎ ሄደ። ሽማግሌው ዓባይነህ መኪናችን ፊት ቆመው "የልጆቻችንን ጉሮሮ ዘጋህ" አሏቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በደወልኩ ቁጥር፣ "ባህረዲን፣ ተሳስቼ ቢሆንስ?" ይሉኛል። … አዎ። ትልቅ ወርቅ ተገኘ ማለት ለሌላው የምስራች ነው፤ ለሳቸው ግን እርግማን ነው።

— አታልቅሺ … አልነገሩሽም፣ ከየት ታውቂዋለሽ? ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊልኝ።

— ጋሼ? ባህረዲን ነኝ። … ይሰሙኛል? … አዎ፣ ውጤቱ መጣ። ትንሽ ነው፣ ጋሼ።

— ትንሽ! … ጥቁሩ ድንጋይ፣ ያ በጫማ ክር ያሰሩትን ማግኔት እየጎተተ ያስቸገረን፣ አሥራ ሁለት ሜትር ወርዶ አለቀ። … ወርቁማ ዳር ዳሩን ብቻ ነው፤ ነጩ ድንጋይ ውስጥ፣ ጣት የማታክል ክር። ከዚያ ወዲያ የለም። … ልክ እርስዎ እንደጻፉት ነው። ማንንም አልበደሉም፣ ጋሼ። … ማንንም።

— ጋሼ? … ሄሎ? … ሄሎ፣ ሰውዳ፣ ምን አሉ? … "አልሐምዱሊላህ"? … እጅሽን ያዙሽ?

— ሌይላ፣ ደህና ነኝ የኔ ልጅ … ውሃ አልፈልግም።

— ምን አልሽ? … ትንፋሻቸው ራቀ? … በቃ። የድንጋዩ ነገር ይብቃቸው። ሸሃዳውን፣ "ላ ኢላሀ ኢለላህ"ን፣ ቀስ ብለሽ በጆሯቸው በይላቸው፣ አታጣድፊያቸው። … አይ፣ ከእንግዲህ የኔን ድምፅ አይፈልጉም። ስልኩን ከጆሯቸው አንሺው፣ እህቴ። … እኔ ልዝጋ።