የፍሬኑ አየር

ክልሉ ገና ሲቋቋም ለሥራ አሶሳ ተመድቤ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ብቻ እንዳትስቁብኝ። አስፋልት በሌለበት አገር ባለሁለት በር የስፖርት መኪና ይዤ ሄድኩ! አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ በሰው ያስላክሁትን ጠንካራ የፍሬን ሸራ ግቢዬ ውስጥ ገጠምኩ፤ የፍሬን ዘይቱንም ቀየርኩ። ከዚያ ቀጥ አልኩ። ዘይቱ ሲቀየር ፍሬኑ ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ቡሎን ፈታ ጠበቅ ያደርጋል። እኔ ደግሞ በዚያ ከተማ «ና እርገጥልኝ» የምለው አንድ ሰው አልነበረኝም።

በመጨረሻ ማንጎ ተሸክመው በደጄ የሚያልፉ የበርታ ሽማግሌ ለመንኩ። መኪናዋ ውስጥ ገብተው መሪው ጋ ተቀመጡልኝ። «ይርገጡ» ስል «ያዝኩ» ይላሉ፤ «ይልቀቁ» ስል «ለቀቅኩ»። በሦስት ወር ውስጥ ከቢሮ ውጪ ለተናገርኩት ቃል መልስ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ነበር። አየሩ ከአራቱም ጎማ አለቀ፤ እኔ ግን ከሥር ተኝቼ «ይርገጡ» ማለቴን አልተውኩም። ሽማግሌው ወረዱና ጎንበስ ብለው በቱቦው ያለ አረፋ የሚወርደውን ጥርት ያለ ዘይት አዩ።

«ልጄ፣ አየር አላለቀም?»

«ትንሽ ቀርቷል፣ አባባ።»

ፊቴን አየት አደረጉና ተመልሰው ገቡ። «ያዝኩ» አሉ።

በማግስቱ ከሥራ እንደገባሁ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው። «ዛሬም አየር አለ?»

መኪናዋ ጎማዎቿ ተገጥመው ቆማለች፤ መፍቻዎቹንም ሰብስቤያለሁ። «አለ፣ አባባ፤ ይግቡ» አልኳቸው።