ከሜኑ የሰረዝኩት ቡርሳሜ

በእኛ ጊዜ ሽማግሌ አፉን የሚከፍተው ለምክር ነበር፤ እኔ ዛሬ የምከፍተው ለኀፍረት ስለሆነ በቅድሚያ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጉዳዩ ከባድ ነው። የእራት ሜኑ ነው። አትሳቁ እንጂ እናንተ የሰፈር ልጆች፤ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሜኑ ሲያዘጋጅ አይሳቅም።

ታዲያ ልጄ ሕይወት ልታገባ ነው፣ እና የሚያገባት ልጅ ወላጆች ከአዲስ አበባ ሊተዋወቁን ይመጣሉ፣ ቅዳሜ እራት እኛ ቤት ይበላሉ ተባለ። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ፣ ባለቤቴን ዘነበችን ጠራሁና፣ ወረቀትና ማስመሪያ ይዤ ስብሰባ ከፈትኩ። "መክፈቻ፣ ዋና ምግብ፣ መዝጊያ" ብዬ ሦስት አምድ አሰመርኩ።

"መክፈቻው ምንድነው?" አለች ዘነበች።

"ሾርባ።"

"በዚህ ሙቀት?"

"ሐይቅ ዳር ያሉት ሆቴሎች በዚሁ ሙቀት ነው የሚያቀርቡት" አልኳት። መልስ ሳልጠብቅም ጸድቋል ብዬ ጻፍኩ።

ዋናው ላይ ታዲያ ላዛኛ አልኩ፣ ዓሣ ጥብስ በማዮኔዝ አልኩ፣ ሩዝ በካሮት አልኩ፤ መዝጊያው ክሬም ካራሜል። ዘነበች በዕድሜዋ ላዛኛ ሠርታ አታውቅም። እኔም የበላሁት አንድ ቀን ነው፣ እሱም መሥሪያ ቤቱ ስልጠና ልኮኝ።

"ቡርሳሜስ?" አለች በመጨረሻ።

ቡርሳሜ ያው ታውቁታላችሁ፣ የእንሰቱ ቆጮ ተፈርፍሮ፣ በቅቤ ርሶ፣ ሻፌታ በምንለው ሸክላ የሚቀርበው። እኔ ያደግሁት በእሱ ነው። ያሳደገችኝ ደግሞ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ አማረች ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም፣ እና እሷ ትምህርቷን ትታ፣ ገጠር ቡሹሎ ላይ ላም እያለበች እኔን አስተማረችኝ። ራሷን አስቀርታ እኔን፣ ሰምታችኋል?

"ቡርሳሜ ይሰረዝ" አልኩ። "የአዲስ አበባ ሰው ምን ይለናል?"

"እትዬ እኮ ሠርቼ እመጣለሁ ብላለች።"

"ትምጣ። ግን ወጥ ቤት ትሁን፣ ታግዝሽ።"

እንዲህ ነው ያልኩት፣ በዚህ አፌ። ለምን ብትሉኝ፣ ለልጁ እናት ለወይዘሮ አልማዝ በስልክ "እኛ እንኳ ከጥንትም የከተማ ሰዎች ነን" ብያቸው ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ቅዳሜ ደረሰ፣ እንግዶቹ መጡ። እኔ በክራቫት ነኝ። ሜኑውን ኮምፒውተር ቤት አስጽፌ በየሳህኑ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። የወይዘሮ አልማዝ ባል መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡና፣ "ይቅርታ፣ ከዚህ መርጠን ነው የምናዝዘው?" አሉኝ።

"ሁሉም ይመጣል" አልኩ በክብር።

እና ሁሉም መጣ። ሾርባው ላብ በላብ አደረጋቸው። ላዛኛው ዳር ዳሩ ተቃጥሎ መሀሉ ጥሬ ነው። ዓሣው ጠዋት ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሳመጣው ጤነኛ ዓሣ ነበር፤ ማዮኔዙ ነው ያጠፋው። "ብሉ እንጂ" እላለሁ፣ "በልተናል፣ እግዜር ይስጥልን" ይላሉ፤ ሳህኑ እንደሞላ ነው። ሕይወት አንገቷን ደፍታ ካሮቱን ከሩዙ ትለያለች።

ታዲያ በዚህ መሀል የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና እትዬ አማረች ሻፌታውን ታቅፋ ገባች። ቅቤው ይሸታል። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ "ይሄ ሜኑው ላይ የለም" አልኳት።

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ ማንበብ የምትችለው አንተ ነህ" አለችኝ፣ እሷም በጆሮዬ።

ቡርሳሜውን ቀመሱት። ደገሙት። ባልየው ክራቫታቸውን ፈቱ። ወይዘሮ አልማዝ ጣታቸውን እየላሱ፣ "ይህን የሠራችው እሷ ናት? ማን ናት?" አሉ።

እኔም "የምታግዘን ሴት ናት" አልኩ።

ሕይወት ቀና አለችና "አባዬ" አለች። እትዬ አየችኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"እዚህ ቤት ቆየሽ?" አሏት ወይዘሮ አልማዝ።

"ኧረ ብዙ ነው እመቤቴ። ጌታው ገና ልጅ ሳሉ ነው የጀመርኩት።"

"ወይ ታማኝነት። ለሠርጉ አዲስ አበባ ብትመጪልኝስ? ከዚያም እዚያው እኔ ጋ ብትሆኝ?"

እትዬ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል?"

እርስዎ አለችኝ። እኔን። አዝላ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝን ሰው። ስሙኝማ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ግን ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ አትከፈትም።

"እህቴ ናት" አልኩ። ድምፄ የጫጩት ሆነ።

"ማን?"

"እሷ። ታላቄ ናት። ያሳደገችኝ ናት።"

ወይዘሮ አልማዝ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጥለውን ሄዱ፣ ልጄ ሳታገባ ቀረች ብዬ ነበር። ለካ ወንበራቸውን ለእትዬ መልቀቃቸው ነው። "እኛ ታዲያ ልንተዋወቅ የመጣነው ከማን ጋር ኖሯል?" አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

እትዬ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።

"በል አስታጥበኝ።"

ማስታጠቢያውን አመጣሁ፣ ግማሹን ውሃ ጫማዬ ላይ አፈሰስኩት። "ሳሙና" አለች፤ አመጣሁ። "ፎጣ" አለች፤ አመጣሁ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አልማዝ ዞራ፣ "ይህን ሰው ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ እና የእኔም ጥፋት አለበት፤ በልጅቷ አትያዙብን" አለች። እነሱ ሳቁ። እኔ ግን ፎጣ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ሠርጉ ተደረገ፣ እሱስ አማረ። ግን ይኸው እስከ ዛሬ እትዬ ስትደውል "ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?" ትለኛለች፣ እኔም አንድም ቀን ተይ ለማለት አልደፈርኩም። እና ልጆቼ፣ ይህ ነገር ከዚህ በረንዳ እንዳይወጣ።

"አባባ፣ እትዬ አማረች እኮ ራሷ ነግራናለች። እሑድ ከጸሎት ስንወጣ እርስዎን አስመስላ አሳየችን።"

"ሳሙናውንም?"

"ሳሙናውንም፣ ፎጣውንም።"

እንግዲያው ከእሷ የሰማችሁትን እንደፈለጋችሁ አውሩት። ወጥ ቤት ትሁን ያልኩት እኔ መሆኔን ግን አደራ፣ እንዳትነግሯት። ዘነበች ናት ብያታለሁ።