ማማው ላይ የነበረው ካፖርቴ ነው

የምስክር ስም፦ ቨርሊን ኦትስ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የእስር ቤት ጠባቂ
አድራሻ፦ ሚሲሲፒ፣ ቶሊቨር ከተማ
ቀን፦ እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2014

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ በሳይፕረስ ቤንድ የግል እስር ቤት ለዘጠኝ ዓመት በጥበቃ ሠርቻለሁ። ትናንት ከቀኑ በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ኤዝራ ፕራይድ የተባለው እስረኛ ግቢው ውስጥ በስለት ሲወጋ፣ እኔ ማማው ላይ ተቀምጬ ዝም ብዬ አይቻለሁ ተብያለሁ። ውሸት ነው። በሰዓቱ ወጥ ቤት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሳድል ነበር።

መንግሥት እስር ቤቱን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ የሚከፍለው በእስረኛ ቁጥር ነው። የእኛ ደመወዝ ከዚያው ስለሚወጣ፣ ጠባቂ ሲለቅ ምትክ አይቀጠርም። ከገና ወዲህ ማማውንም፣ በሩንም፣ ወጥ ቤቱንም የያዝኩት እኔው ነኝ። አንድ ነፍስ ለስንቱ ልድረስ? ይህንኑ ለኃላፊው ለሚስተር ሮይስ ጋንት ባመለክት፣ «አታካብጂ ቨርሊን! እስረኛ የሚፈራው ባርኔጣውን እንጂ አንቺን መሰለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ እንጂ፤ ወጪ በቀነሰ ቁጥር የዓመት ቦነሱ የሚያብጠው የእሱ ነው።

በማግሥቱ ትርፍ ካፖርቴን በትራስ ጠቅጥቆ፣ ባርኔጣዬን ደፍቶበት፣ ጎኑን ለግቢው ሰጥቶ ማማው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ኧረ ያውርዱት ብዬ ለመንኩት። «ሥራ ከሰለቸሽ በሩ ክፍት ነው» አለኝ። ቶሊቨር ውስጥ ሌላ ሥራ ስለሌለ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ትናንት ጩኸት ስሰማ ጭልፋውን ጥዬ ሮጥኩ። ኤዝራ ወድቋል፤ የወጉት ተበትነዋል። ቁስሉን በሽርጤ ይዤ አብሬው አምቡላንስ ውስጥ ገባሁ። መንገድ ላይ ዓይኑን ገልጦ አወቀኝ።

«ሚስ ቨርሊን፣ ስንቴ ጠራሁዎት! ዞር እንኳ አይሉም? ምን በደልኩዎት?» አለኝ።

ትራስ ነው የጠራኸው ልለው አፌን ከፍቼ፣ አፈርኩ። ሆስፒታል ሳንደርስ ሞተ።

ስመለስ ካፖርቴ ከማማው ተነስቷል። በቦታው እውነተኛ ጠባቂ፣ ያውም ሁለት፣ ቆመዋል። ለካ ሰው ነበራቸው! ሚስተር ጋንት ስለ ካፖርቱ ሲጠየቅ «የምን ካፖርት?» ብሏል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጨመረበትም የጎደለበትም የለም፣ እውነት ነው። ይህን ቃል መስማት የነበረበት ግን ኤዝራ ነበር።

የምስክር ፊርማ፦ ቨርሊን ኦትስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ኔልሰን ቡን (ፊርማ)