ቲማቲም ሌሊት የት ያድራል?

ነይ እስቲ፣ እዚህ ጆንያው ላይ ተቀመጪ። የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሶ ባለወፍጮው ሊያስጠግን ሄዷል፤ እስኪመለስ ጨዋታ ነው እንግዲህ። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ጉንፋኑ ለቀቃቸው? ባልሽስ… እሱማ ደኅና ነው፤ ድምፁን ከሩቅ እሰማለሁ።

ምን አልሽኝ? የደረቀ ቲማቲም ለምን ይሻግታል? ውይ፣ እኔን ደግሞ ማን ዐዋቂ አደረገኝ! እኔ እኮ የመኝታዬን አጎበር አውልቄ ቲማቲም ያሰጣሁበት ሴት ነኝ። ያን ሰሞን ባሌ ትንኝ ሲበላው እያደረ፣ "የቲማቲም ሐኪም" ብሎ ስም አወጣልኝ። የመጀመሪያውን ዶሮዎች በሉት፤ ሁለተኛውን እኔው ራሴ ረገጥኩት። እንዲህ ያለችውን ሊቅ ነው የምትጠይቂው።

ብቻ አንድ ሰው ነበር… ስም አልጠራም፤ ደግሞ የኛን ቤት ነው እንዳትይ። በአጥር በኩል አየኝና፣ "ምን እያደረግሽ ነው?" አለኝ። እኔም ሰው ጠየቀኝ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ አቆራረጡን፣ አሰጣጡን፣ ገበያ ሲረክስ ከመድፋት አድርቆ መሸጥ እንደሚሻል ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? እሱ መች ነቀነቀው! ጨዋ ሰው እኮ ነው፤ ተደግፎ ሰማኝ እንጂ።

ከዚያ የግብርና ባለሙያዋ ሰብስባን፣ "መንደሩን የሚጠቅም ሐሳብ ከእናንተው ይምጣ" ስትል፣ ያ ሰው ብድግ ብሎ፣ "ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሰላስለው የኖርኩት ነገር አለ" አይል መሰለሽ? እንዴት አድርጎ ተናገረው! እኔ ብናገረው ኖሮ ከአጎበሩ ጀምሬ በዶሮዎቹ ስጨርስ አገር ይስቅብኝ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የኔ ግን ከአፌ ወጥቶ የተሻለ አፍ አገኘ። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ከኋላ ተቀምጬ… አጨበጨብኩ። ያውም ከሁሉ ቀድሜ! እጄን ይቁረጠው። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ።

መንደሩም ሐሳቡን ተቀብሎ፣ ቲማቲም አዋጥቶ ሊያሰጣ ሲነሣ፣ አንዱ፣ "ሲመሽስ ምን እናድርገው?" ብሎ ቢጠይቀው፣ "ማታ ፀሐይ የለ፤ እዚያው ይደር" ብሎ መለሰ። ምን ያድርግ? እኔን የሚያየኝ ቀን ቀን ነው። ሲመሽ አጎበሩን ከነቲማቲሙ ሰብስቤ ወደ ቤት ሳስገባ እሱ እራቱ ላይ ነው። ጤዛ ያደረበት ቲማቲም እንደሚሻግት እኔ ዐውቅ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ… አይ፣ ልዋሽሽ ነው። ይዋረድ ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ፤ አልነቀዘም፣ ሻገተ እንጂ! የመንደሩ ቲማቲም በሙሉ፣ የኔም ሁለት ሣጥን አብሮ። እያወቅኩ ያዋጣሁት! ኩራቴ ሁለት ሣጥን ቲማቲም በላ፤ እኔ እንኳ እንደዚያ በልቼ አላውቅም።

አሁን ሐሙስ የደረቀ ቲማቲም የሚገዛ ነጋዴ ናሙና ሊያይ ይመጣል አሉ። ሻጋታ ካሳየነው ወደ ማዶ መንደር ነው የሚሻገረው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ አምና ቲማቲማችንን ለከብት መድፋት ነው። ስለዚህ ንገሪው… ማለቴ፣ ያን ሰው መንገድ ላይ ካገኘሽው ንገሪው። ዛሬውኑ አዲስ ይቆረጥ፣ ስስ ይሁን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ይግባ፣ ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ይውጣ። ለሐሙስ ይደርሳል። ከሷ ሰማሁ ግን አትበዪው፤ ደግሞ እንዳያፍር… ያፍራል ብለሽ ነው?

ይኸው ባለወፍጮውም መጣ፣ ተነሺ፣ ወረፋሽን ያዢ። እኔ እኮ ሰውዬውን አልጠላውም፤ ክፉውን አልመኝለትም። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሐሙስ ገዢው ፊት ሲቆም አንደበቱን ያቅናለት። ራሱ ማሰብ እስኪለምድ ድረስም የሚያስቡለትን ሴቶች ከግራ ከቀኙ አያሳጣው። አሜን በይ እንጂ!