ዓለምሰገድ የተከላቸው ችካሎች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቀበሌያችን ነዋሪዎች፣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ። ሙክታር ነኝ፤ የወንዙ ዳር መንገድ ሲሠራ የቁፋሮው ኃላፊ የነበርኩት።

ዛሬ የወንድማችንን የዓለምሰገድን አስከሬን ሳጥን ተሸክመን በዚያው መንገድ መጣን አይደል? ጠዋት ኳስ ተጫዋቾች ይሮጡበታል። የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች በብስክሌት ይሄዱበታል። የቡልቡላ ገበሬ አህያውን ይነዳበታል። ስፋቱ አራት ሜትር ነው። «ሦስት ይበቃል» ስንለው፣ «አህያና ብስክሌት ሲገናኙ ማን ለማን ይለቃል?» ያለን ዓለምሰገድ ነው።

ቀያሽ ነበር። እሁድ እሁድ አካፋችንን ይዘን ለዘመቻ ስንወጣ፣ እሱ ቀድሞን ችካል ይተክላል። አንድ ቀን ችካሉን ከውኃው አርቆ፣ ቋጥኙ ላይ ተክሎት አገኘሁ።

«ምነው ወንድሜ፣ ወንዙን እንዳናይ ነው?» አልኩት።

«አሁን ግንቦት ነው ሙክታር። ነሐሴ ላይ ወንዙ ራሱ መጥቶ ያይሃል» አለኝ።

ነሐሴ መጣ። ጎርፉ መቶ ሜትር መንገድ ጠርጎ ወሰደ። ለሂስና ግለሂስ ተሰበሰብን። «ይህ አሻጥር ነው፤ የማን ሥራ ነው?» ተባለ። አሻጥረኛ መባል ምን እንደሚያመጣ እዚህ ለቆመ ሰው አልነግርም። ዓለምሰገድ ተነሳ። «ልኬቱ የኔ ነው፤ ተሳስቻለሁ» አለ። ታሰረ። ባለቤቱ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስምንት ወር ሙሉ ስንቅ አመላለሱ። እኛስ ምን አልን? «ወንዝ የማያውቅ ቀያሽ» አልነው። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አልተሳሳተም። ቋጥኙን መፍለጥ ታክቶኝ፣ እሱ ለቅሶ ናዝሬት በሄደበት ሳምንት ችካሎቹን ነቅዬ ወደ አሸዋው ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። ሲመለስ ቆፍረን ጨርሰናል። ማን እንደነቀላቸው ያውቅ ነበር። ስብሰባው ላይ አንዴ እንኳ ወደ እኔ አልዞረም።

የተፈታ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ። «ተው። ቋጥኙን ፍለጥ» አለኝ። ፈለጥኩት። ሁለት በጋ ፈጀብኝ። እናንተም አይታችሁ ጎበዝ አላችሁኝ፤ እኔም ምስጋናውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ ይቅርታዎን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እለምናለሁ። ቢነፍጉኝም አልፈርድብዎትም።

ዓለምሰገድ፣ ልኬትህ ትክክል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ነገርኳቸው። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።